ሲዲው የሚይዝበት ቦታ

«አልፈታውም አልኩሽ እኮ፣ እልፍነሽ! ስንቴ ልናገር?»

«ይፈቱታል እንጂ!»

«ራሱን የገደለ አይፈታም። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«ልጄ ራሱን አልገደለም!»

«በሩን ከውስጥ ቀርቅሮታል። መስኮቱ ተጠቅጥቋል። በሩ ሥር ጆንያ ተወትፏል። ሞተሩን አስነስቶ ጭሱ መሀል ተኛ። ይሄ ታዲያ ምን ሊባል ነው?»

«እኔ እናቱ ነኝ፣ አውቀዋለሁ!»

«እግዜርም ያውቀዋል። እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው።»

ይሄ ሁሉ የሚባለው ሬሳ መሀል አስቀምጠው ነው። ሬሳው የሙላት ነው፣ መርሳ ላይ ቪዲዮ ቤት የነበረው። መደብ ላይ አጋድመውት፣ እናቱ በራስጌ፣ ቄስ ይርጋ በግርጌ ሆነው፣ ሰኞ ገበያ ላይ እንደተያዘ በግ ይጓተቱታል። ሙላት በሕይወት ቢኖር «አንዳችሁ ተቀመጡ፣ ከኋላ ላሉት አይታይም» ይል ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚላት ናት።

ጊዜው ጥቅምት 2014 ነው። ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ከወደቀች ሁለት ወር አልፏታል። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ቄሶቹ ከምእመናቸው ጋር ወደ ደሴ ሲሸሹ በዚህ ሰፈር የቀሩት ቄስ ይርጋ ብቻ ናቸው። እሳቸው «አልፈታም» ካሉ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ሙላት ያለ ፍትሐት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ እንደ ውሻ ይቀበራል።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ» አሉ ቄስ ይርጋ፣ ባዶ ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው። «ከአሥር ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ እንደሚወሰድ ታውቂያለሽ። እስከዚያ ሌላ ነገር ካመጣሽ እሰማለሁ። ካላመጣሽ ከቅጥር ውጭ ነው።»

እልፍነሽ ከሬሳው ራስጌ ተነሳች። ግቢውን አቋርጣ፣ አጥሩ ሥር ሽንኩርት ዘርግታ የተቀመጠችው ሴትዮ ጋ ሄዳ ቆመች።

ሴትዮዋ መቅደላ ትባላለች። ሽንኩርት ስትመዝን እንኳ ሰው የምታየው «መታወቂያህን አውጣ» በሚል ዓይን ነው። ወልድያ ላይ የወንጀል ምርመራ ሳጅን ነበረች። ወልድያ ስትያዝ ወደ ደሴ ልትሸሽ ወጣች፣ መርሳ ስትደርስ መኪና አጣች፣ መኪና ስትፈልግ መርሳም ተያዘች። ዩኒፎርሟን እልፍነሽ ጓሮ ቀብራ ሽንኩርት መሸጥ ጀመረች። ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ ግቢው ሁሉ «ሽንኩርት ሻጯ» ይላታል።

«አንቺ ልጅ» አለች እልፍነሽ። «ጓሮዬ የተቀበረውን ልብስሽን አፌን ዘግቼ ጠብቄልሻለሁ። ዛሬ ብቻ ለኔ ብለሽ ልበሽው።»

«እማማ፣ እሱን ከለበስኩ ከሙላት አጠገብ ነው የምቀበረው።»

«እንግዲያው ሳትለብሽው ሁኝልኝ።»

መቅደላ ሚዛኑን አስቀመጠች።

*

ቪዲዮ ቤቱ ከሳሎኑ ጀርባ ያለች አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። በሩ ተሰብሮ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። የሰበረው ሮቤል ነው፤ እዚያው ግቢ ተከራይቶ የሚኖር የባጃጅ መካኒክ። አሁን ውጭ ተቀምጦ የቪዲዮ ቤቱን አግዳሚ ወንበሮች በመጋዝ እየቆረጠ ሣጥን ይሠራል። ጣውላ ሌላ የለም። አንደኛው ጣውላ ላይ «እዚህ የተቀመጠ ሌባ ነው» ተብሎ በምስማር ተጽፎበታል። ሮቤል ያንን ወደ ውስጥ አዞረው።

«ና ወዲህ» አለችው መቅደላ። «ስትገባ እንዴት ሆኖ ነው ያገኘኸው?»

«ሞቶ።»

«አንተ ልጅ!»

«እሺ እሺ። በአፉ ተደፍቶ። እዚህ ጋ።» ሮቤል ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አሳያት። «ጭንቅላቱ ወደ ቴሌቪዥኑ። ቀኝ እጁ እንዲህ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ተከፍቶ። ከዴኩ ሁለት እርምጃ።»

ዴኩ የሚገርም ዴክ ነው። ከተማዋ የተያዘች ሰሞን የገቡት ሰዎች ትልቁን ቴሌቪዥንና ሲዲውን ሁሉ ጭነው ሲሄዱ፣ ይህችን ዴክ «አይሠራም» ብለው ወርውረዋት ሄዱ። ሮቤል ጠገናት። መሳቢያዋ ግን ሞተ፤ አይከፈትም። ውስጧ የቀረችው ሲዲ እዚያው ቀረች። እሷም የፈረንጅ ሽማግሎች ኮንሰርት ናት። ጸጉራቸው እስከ ወገባቸው የወረደ፣ አናታቸው ግን ራሰ በራ የሆነ፣ ሱሪያቸው የጠበበ፣ ሆዳቸው የሰፋ አምስት ሽማግሎች ጊታር ይዘው ይዘላሉ፣ ባሕር የሚያህል ሕዝብ ደግሞ ጡጫውን ወደ ሰማይ ይሰብቃል። ምን እንደሚሉ የሰማ የለም። አማራጭ ስለሌለ ግን ሰፈሩ ሁለት ወር ሙሉ እሷኑ አየ። ስልክ የሞተባት፣ ሰዓት የጠፋባት ግቢ ጊዜ የምትቆጥረው በሽማግሎቹ ሆነ። መጀመሪያ መድረኩ ላይ እሳት ይለኮሳል። መሀል ላይ ዘፋኙ ሕዝቡ ላይ ውሃ ይረጫል። መጨረሻ ላይ ከበሮ መቺው፣ ሰፈሩ «አባ ነጎድጓድ» ያለው፣ ብቻውን ቀርቶ ይወቅጣል።

አባ ነጎድጓድ ጋ ሲዲው ይይዛል። ሲወረወር ተጭሮ ነው። «ዱም፣ ዱም-ዱም፣ ዱም፣ ዱም-ዱም» እያለ እዚያው ይቀራል። ያኔ ሙላት ከወንበሩ ይነሳና ዴኩን በቀኝ መዳፉ ጥፊ ያቀምሰዋል፤ ሽማግሌው ይቀጥላል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። አንዳንዱ የሚመጣው ለጥፊው ነበር። ሙላት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «እነዚህ ስልሳ አልፏቸው እንዲህ ይዘላሉ። እኛ ሠላሳ ሳንጠግብ ተኝተናል።»

መቅደላ ሞተሩ ጋ ሄደች። ጄኔሬተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ጥግ ላይ ነው። ውጭ ቢቀመጥ ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል፤ ከተሰማ ይወሰዳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ገባ። ለጭሱ ሮቤል ከቆርቆሮ ጠቅልሎ ቱቦ ሠርቶለታል፤ ቱቦው የጀርባውን ግድግዳ በስቶ ቄስ ይርጋ ጓሮ ይወጣል።

«ቱቦው ክፍት ነው» አለ ሮቤል ፈጠን ብሎ። «ትናንትና በሩን እንደሰበርኩ አላየሁትም፣ ዛሬ ጠዋት ግን ባትሪ አብርቼ አይቼዋለሁ። ወዲያ ማዶ ብርሃን ይታያል። የኔ ሥራ አልገደለውም።»

«ማን አለህ?»

«ሰው ይላላ!»

መቅደላ ቱቦው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ ጎንበስ አለች። ዙሪያውን ግድግዳው ጠቁሯል። በጣቷ ስትነካው ጥላሸቱ ተነስቶ መጣ።

«ይሄስ?»

ሮቤል ዓይኑን አጥብቦ አየ። «ይሄ… አልነበረም። ቅዳሜ ነው በጭቃ የለቀለቅሁት። ንጹሕ ነበር።»

«ጭስ ወደ ፊት መሄጃ ሲያጣ ወዴት ይሄዳል?»

ሮቤል ቱቦውን አየ። መካኒክ ነው፣ ያውቃል።

መቅደላ ወደ መስኮቱ ዞረች። መስኮቱ ወደ መንገድ የሚያይ፣ በስተውስጥ የብረት ፍርግርግ፣ በስተውጭ የእንጨት መዝጊያ ያለው ነው። መሀላቸው ጥቁር ስፖንጅ ተጠቅጥቋል። በፍርግርጉ በኩል እጇን ልታስገባ ሞከረች፤ ሦስት ጣት ብቻ ገባ።

«ይሄ የባጃጅ ወንበር ስፖንጅ ነው» አለች።

«ይመስላል።»

«ከውስጥ አይገባም። ከውጭ ነው የተጠቀጠቀው። መርሳ ውስጥ ወንበር የሌለው ባጃጅ የማን ነው?»

ሮቤል ራሱን አከከ። «እሺ፣ እኔ ነኝ። ግን ትናንት አይደለም! ከተደረገ ሦስት ቀን አልፎታል። ባጃጄን ግድግዳው ሥር በጭድ ሸፍኜ ነው የደበቅሁት። የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ቢመጡ መጀመሪያ የሚያገኙት የኔን ነው። ሙላትም ያውቃል። ‹አሪፍ፣ አሁን ድምፁ እንደ ስቱዲዮ ሆነ› ነው ያለኝ።»

«ሦስት ቀን በሙሉ በዚህ ስፖንጅ ሞተሩን አስነስቶ ነበር?»

«አዎ። ምንም አልሆነም።»

«ጥሩ» አለች መቅደላ። ሮቤልን የሚያጽናና «ጥሩ» አልነበረም።

ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ስልክ በአንድ ማከፋፈያ ተሰክቶ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ላይ በፕላስተር ስም ተለጥፏል። ሐራ አለፍ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ ኔትወርክ ብልጭ ይላል የሚል ወሬ ነበር፤ ሰው ስልኩን ሞልቶ በእግሩ ሊሄድ ነው። የሙላትም አለ። ፕላስተሩ ላይ «የኔ፣ አትንኩ» ይላል።

*

ሰይፈዲን ከቪዲዮ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሱቅ አለው። መደርደሪያው ላይ የቀረው ክብሪትና ሳሙና ብቻ ነው፤ እሱ ግን በየቀኑ ከፍቶ ይቀመጣል። ሚስቱ ከድጃ ከወለደች አሥራ አምስት ቀኗ ነው።

«አላህ ይዘንለት» አለ መቅደላ ስትገባ። «ሽንኩርት ልትሸጪልኝ አይደለም የመጣሽው አይደል?»

«ከሙላት ጋር ተጣልታችኋል።»

«በዚህ ከተማ ከሙላት ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ሶላት ስሰግድ እነዚያ ሽማግሎች ‹ያ!› ይላሉ። ሱጁድ ወርጄ ከበሮ! ‹ሙላት፣ ወንድሜ፣ ቀንስልኝ› አልኩት። ‹ሰይፉ፣ እነሱም እየጸለዩ ነው፣ በነሱ ቋንቋ› አይለኝም?» ሰይፈዲን ሊስቅ ብሎ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። «ያ ረቢ። እንዲህ ያለ ልጅ።»

«በሩ ሥር ያለው ጆንያ?»

«የኔ ነው። የስኳር ጆንያ፣ ስኳር በነበረበት ዘመን። መወተፍ ከጀመርኩ ሳምንት ሆነኝ። እሱ ሞተሩን ሲያስነሳ እኔ ከውጭ እወትፋለሁ። ሕፃኑ ይደነግጥብኛል። ተስማምተን ነው እኮ፣ ወላሂ!»

«ትናንት መቼ ወተፍከው?»

«እሳት ሲለኩሱ። መጀመሪያ ላይ።»

«ከዚያ ምን ሰማህ?»

«ያው ነው። እሳት፣ ውሃ፣ ከዚያ አባ ነጎድጓድ። ያዘ። ዱም፣ ዱም-ዱም። ዛሬ ደግሞ ጥፊውን ረሳው እንዴ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ዱም-ዱም አለ። ቤንዚኑ አልቆ ሞተሩ ሲሞት ነው የተገላገልነው።»

«ለምን አላንኳኳህም?»

ሰይፈዲን ሳሙናውን ከመደርደሪያው አንስቶ መልሶ እዚያው አስቀመጠው። «ፍተሻ ነበር። እታች ሰፈር ቤት ለቤት እየገቡ ነበር። ለዚያ ነው ትናንት ተመልካች ያልመጣው፣ ለዚያ ነው ሙላትም የቀረቀረው። ማን ይወጣል? አንቺስ እዚያው አጥር ሥር አልነበርሽም? አልሰማሽም?»

መቅደላ ሰምታለች። «ምናለ ይሄን ዴክ ቢመታው» ብላ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ ነበር። ያን ለሰይፈዲን ሳትነግረው ወጣች።

*

የቄስ ይርጋ ጓሮ ጠባብ ነው። አንድ የጭድ ጎተራ፣ አንድ የበግ ማደሪያ ያለ በግ፣ አንድ ጌሾ። ከቪዲዮ ቤቱ ግድግዳ የወጣችው የቱቦ አፍ በሰው ደረት ልክ ናት። ከሷ በላይ ግድግዳው ላይ የጭስ ምላስ ወደ ላይ ተዘርግቷል። ጓሮው ወዲያ ማዶ በጭራሮ አጥር ብቻ ነው ከመንገድ የሚለየው፤ አላፊ አግዳሚ ያያል።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለች መቅደላ።

መስቀሉን አላወጡም። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው በአፋቸው ብቻ አሳለፏት።

«ትናንት ከሰዓት እዚህ ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ?»

«ኮንሰርቱን ሰሙት?»

«ወድጄ? ግድግዳው ተበስቶ ጓሮዬ ውስጥ እየጮኸ! ቀዳዳዋ ደግሞ እንደ መለከት ናት፣ ድምፁን ለቅማ ታመጣዋለች። ያን እሳት የሚለኩሱበትን ሰማሁ። ያን ውሃ ረጪውን ሰማሁ፣ ሕዝቡ ‹ሆ!› ሲል። ከዚያ በኋላ ተመስገን፣ ጸጥ አለ። ዳዊቴን ደገምኩ።»

«ከበሮውስ?»

«ከበሮ አልሰማሁም። ትናንት ከበሮ አልነበረም።»

መቅደላ ወደ ግድግዳው ቀረበች። የቱቦዋን አፍ በጣቷ ዙሪያውን ዳበሰች። ሮቤል ቆርቆሮውን ሲቆርጥ ጠርዙን አላስተካከለውም፤ እንደ መጋዝ ነው። ጥርሱ ላይ ሁለት ክር ተይዟል። አንዱ ጫፉ ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ ሌላው ነጭ ነው።

«አባ» አለች ሳትዞር፣ «ነጠላዎስ?»

«ምን ነጠላ?»

«ለቅሶ ቤት ያለ ነጠላ ቆመው አየሁ። ካወቅኩዎ ጀምሮ ያለ ነጠላ አይቼዎ አላውቅም።»

«ታጠበች» አሉ ቄስ ይርጋ።

መቅደላ ጓሮውን በዓይኗ ዞረችው። የተሰጣ ልብስ የለም።

*

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሣጥኑ አለቀ። ሙላት ገባበት። ግቢው መሀል ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። እልፍነሽ በራስጌ ተቀመጠች። ሮቤል መጋዙን ይዞ፣ ሰይፈዲን ኮፍያውን ይዞ፣ ቄስ ይርጋ እጃቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ቆሙ። መቅደላ የሽንኩርት ሚዛኗን ፊቷ አድርጋ ተቀመጠች፤ ታጣቂ ብቅ ቢል ሽንኩርት እየሸጠች ነው።

«አንደኛ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሙላት ራሱን አልገደለም።»

እልፍነሽ ዓይኗን ጨፈነች።

«ስፖንጁን ሮቤል ከውጭ ጠቀጠቀው። ጆንያውን ሰይፈዲን ከውጭ ወተፈው። በሩን ሙላት ቀረቀረው፤ ትናንት ግን ፍተሻ ነበር፣ ያልቀረቀረ ማን ነው? እርስዎም ቀርቅረዋል፣ አባ።»

«ቀርቅሬያለሁ» አሉ ቄስ ይርጋ።

«ሁለተኛ፣ ሙላት የት ወደቀ? ሊሞት የተኛ ሰው መደብ ላይ ይተኛል። እሱ የወደቀው ከዴኩ ሁለት እርምጃ ላይ ነው፣ ቀኝ መዳፉ ተከፍቶ። ሲዲው ያዘ። ሙላት በጥፊ ሊመታው ተነሳ። ጭሱ ግን ቀድሞት ነበር፤ ጉልበቱ ከዳው። ሊሞት የፈለገ ሰው ዴክ ሊያስተካክል አይነሳም። ይሄ ልጅ ኮንሰርቱን ሊጨርስ ነበር።»

እልፍነሽ ሣጥኑን በመዳፏ አንድ ጊዜ መታችው። ልክ እንደሱ።

«እንግዲያው እኛ ነን የገደልነው» አለ ሰይፈዲን ቀስ ብሎ። «ጆንያውና ስፖንጁ።»

«ስፖንጁ ሦስት ቀን አለፈው። ጆንያው ሳምንት ሆነው። ሙላት ሦስቱንም ቀን ጥፊውን እየመታ በሰላም ወጣ። ምክንያቱም ጭሱ በቱቦ ይወጣ ነበር። ትናንት ግን ጭሱ ወደ ኋላ ተመለሰ። መገጣጠሚያው ዙሪያ ያለው ጥላሸት አዲስ ነው፣ ሮቤል ምስክር ነው። ቱቦው ትናንት ተደፍኖ ነበር።»

«ዛሬ ግን ክፍት ነው፣ በዓይኔ አየሁት!» አለ ሮቤል።

«የደፈነው ሰው ማታ መልሶ ከፈተዋ።»

ቄስ ይርጋ መሬት መሬት ያያሉ።

«ማን እንደሆነ የነገረችኝ ሲዲዋ ናት» አለች መቅደላ። «ሰይፈዲን እሳቱን ሰማ፣ ውሃውን ሰማ፣ ከበሮውን ግማሽ ሰዓት ሰማ። ሮቤል?»

«ሰምቻለሁ። አሁንም ጆሮዬ ላይ አለች።»

«እማማ?»

«ሰምቻለሁ» አለች እልፍነሽ። «ዳቦ እየጋገርኩለት ነበር።»

«እኔም አጥር ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አንድ ሰው ብቻ ውሃው ላይ ጸጥ አለለት። ድምፁ ለዚያ ሰው የሚደርሰው በምን በኩል ነበር? ‹እንደ መለከት ናት› ባላት ቀዳዳ። ቀዳዳዋ ውሃው ላይ ከተደፈነች ለሱ ከበሮ የለም። የደፈናት ጆሮውን ያመነ ሰው ነው፤ እውነቱን ነው የነገረኝ፣ ጸጥ ብሎለታል።» ከወገቧ ሁለት ክር አውጥታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሚዛኑ አልተንቀሳቀሰም። «የቱቦው ጠርዝ ላይ የነጠላ ክር። አባ፣ ነጠላዎ አልታጠበችም።»

ቄስ ይርጋ እጃቸውን ከብብታቸው አወጡ። መዳፋቸው ላይ ሁለት የቃጠሎ ቁስል አለ።

«አራት ሆነው በአጥሩ በኩል አለፉ» አሉ። ድምፃቸው የሚናዘዝ ሰው ድምፅ ነበር። «አንዱ ቆመ። ‹ይሄ ጭስ ከየት ነው?› አለ። ጎተራዬ ውስጥ፣ ጭዱ ሥር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ብራና፣ መስቀሉ፣ ጽናጽሉ አለ። ሌሎቹ ሲሸሹ ለኔ ጥለውልኝ ነው የሄዱት። ቢገቡ አለቀ። ጀርባቸውን ሲያዞሩልኝ ነጠላዬን ገፍፌ ቱቦው አፍ ላይ ጠቀጠቅኋት። ጭሱ ብቻ ነው የታየኝ። ከጭሱ ወዲያ ሰው እንዳለ… አልታየኝም።»

ሰይፈዲን ወደ ጎተራው በኩል ከማየት ዓይኑን መለሰ። «አባ፣ እኔ ስለ ጎተራው ምንም አልሰማሁም» አለ።

«እኔም» አለ ሮቤል። ከዚያ አንደበቱ አላስችለው አለና፣ «ታዲያ አሁን ማን ያስራቸዋል?» አለ።

«እኔ?» አለች መቅደላ። «በምን ልሰራቸው፣ በሽንኩርት ጆንያ? ጣቢያው በር እንኳ አልቀረለትም። ዓቃቤ ሕጉ ደሴ ነው፣ ዳኛው የት እንዳለ እግዜር ይወቅ። ወልድያ ላይ አንድ መዝገብ ስዘጋ ደስ ይለኝ ነበር። ይሄን ዘግቼው የት ላስቀምጠው? ደግሞ የማንን ስም ልጻፍ? ስፖንጁና ጆንያው ባይኖሩ ነጠላዋ ብቻዋን አትገድለውም ነበር። ከበሮው ግማሽ ሰዓት ሲደጋግም አንዳችን ብናንኳኳ ምናልባት ይተርፍ ነበር። እኔ ፖሊስ ነኝ፣ ጆሮዬን ነው የሸፈንኩት።»

ሩቅ ከውርጌሳ በኩል ከባድ መሣሪያ ጉም አለ። ማንም ቀና አላለም፤ ለምደውታል።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉ ቄስ ይርጋ። «ነጠላዬን ስስብ ገባኝ። ያልፈታሁት…»

«ሙላት ራሱን ስለገደለ አይደለም» አለች መቅደላ። «ቅድም መስቀል ሳያወጡልኝ ሲቀሩ ነው የገባኝ።»

«ደም የነካው እጅ መስቀል አይዝም። ደም ያፈሰሰ ቄስ አይቀድስም፣ አያጠምቅም፣ አይፈታም። ራሱን ገደለ ካልኩ እኔ ቄስ እንደሆንኩ እቀራለሁ። አልገደለም ካልኩ…» እጃቸውን አዩት። «አሁን አልገደለም ተባለ። ፍትሐት ይገባዋል። የሚፈታው ግን የለም።»

«ሌላ ቄስ?» አለ ሰይፈዲን።

«እስከ ውርጌሳ የለም። መንገዱም ዝግ ነው።»

«ወደ ወልድያስ?» አለ ሮቤል።

«እሱም ዝግ ነው» አለች መቅደላ።

ጥላው ከአጥሩ ወርዶ ሣጥኑ ጋ ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቄስ ይርጋ ጥምጥማቸውን ከራሳቸው አነሱ፤ ሣጥኑ ጫፍ ላይ አስቀመጡት።

«እልፍነሽ» አሉ ተንበርክከው። «ይቅር በይኝ አልልሽም። ከእንግዲህ ቄስ አይደለሁም። ምን ላድርግልሽ? የፈለግሽውን በይኝ።»

እልፍነሽ ጥምጥሙን ከሣጥኑ ላይ አንስታ መልሳ ራሳቸው ላይ ደፋችላቸው። ተጣመመ፤ አላቃናችውም።

«ይነሱ፣ አይንበርከኩብኝ! ገዳይም ይሁኑ ጻድቅ፣ ለዚህ ሰፈር የቀሩት ቄስ እርስዎ ብቻ ነዎት። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ልጄን ይፍቱልኝ። እርስዎን መጥላቱን ከቀብር መልስ እደርስበታለሁ።»